ማተብ ያሰረው ታፋ

ባለቤቴ አዳኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ከመቃብሩ ተነሥቶ የሚከራከረኝ ይመስለኛል። አደን የሚለውን ቃል አይወድም ነበር፤ «ሰብል ጥበቃ» ነው የሚለው። ከቡሬ ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ ከአባቱ የወረሰው የበቆሎና የበርበሬ ማሳ አለ። በቆሎው እሸት መያዝ ሲጀምር ጠመንጃውን አንግቶ ይወርዳል። በቆሎ የሚያጠፋው ከርከሮና ዝንጀሮ መሆኑን የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እሱ ግን ሰብል ጠብቆ ወደምንኖርባት ፍኖተ ሰላም ሲመለስ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞልኝ የሚመጣው ሁልጊዜ የድኩላ ሥጋ ነው።

«ከርከሮዎቹስ?» እለዋለሁ።

«ፈርተው ሸሹ።»

«ድኩላውስ?»

«እሱ ደፋር ነበር።»

አደን ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ እንዲያውም የዱር እንስሳትን ስለ መጠበቅ ለልጆች ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። ትምህርቱን ጨርሼ ቤት ስገባ ድስቱ ላይ ምን እንዳለ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

ችግሩ መጠኑ ነበር። ድኩላ ዶሮ አይደለም። ልጆቹ ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን፤ የፍሪጃችን የላይኛው ክፍል ደግሞ ትንሽ ሥጋ ከያዘ ሌላ አይጨምርም። አንድ ጊዜ ታፋ ካላስገባሁ ብሎ በሩ አልዘጋ ሲለው በሱሪ ቀበቶው አሰረው። ጠዋት ስነሣ ፍሪጁ ቀበቶ ታጥቆ፣ ባለቤቴ ሱሪውን በእጁ ይዞ፣ ጎን ለጎን ቆመው አገኘኋቸው። ፍሪዘር እንዲገዛ የፈቀድሁት ያን ዕለት ነው።

ወደ መደብሩ ስንሄድ ገመድ ይዞ ነበር። በገመዱ ላይ የትልቅ ድኩላ ታፋ ርዝመት የሚደርስበትን ቦታ ቋጥሮ ምልክት አድርጎበታል። ባለመደብሩ ወጣት ገመዱን አይቶ ግራ ገባው።

«ጋሼ፣ ምን ሊያስቀምጡበት ነው?»

«ሥጋ።»

«የቅርጫ?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «የሰብል ጥበቃ» አልሁ እኔ።

የሚያምረው የቆመው ዓይነት ነበር፤ በመሳቢያ በመሳቢያ የተከፋፈለ፣ ሲከፍቱት ውስጡ መብራት የሚበራ። እኔ ያንን ወደድሁ። ባለቤቴ ገመዱን በመሳቢያው ላይ ዘረጋው፤ ቋጠሮው ውጭ ቀረ።

«ታፋውን ለሁለት ቢቆርጡትስ ጋሼ?»

«ለሁለት የተቆረጠ ታፋ፣ ታፋ አይባልም፤ ሥጋ ነው የሚባል።»

ወጣቱ ሰው ያውቅ ነበርና አልተከራከረም። ወደ ውስጥ ወስዶ እንደ ሣጥን የተንጋለለውን፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚነሣውን አሳየን። ቅዝቃዜ እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርድ አለን፤ የቆመው በሩ በተከፈተ ቁጥር ይፈስሳል፤ የተንጋለለው ግን ክዳኑ ቢነሣም ቅዝቃዜው እንደ ጉድጓድ ውሃ ከሥር ይቆያል። መብራት ቢጠፋም ሙሉ ከሆነና ካልነካኩት ይታገሣል። ባለቤቴ ገመዱን ከተተው። ቋጠሮው ገብቶ ስንዝር ተረፈ።

«እኔ አጭር ነኝ» አልሁ። «ከሥሩ ላወጣ ሳጎነብስ እግሬ አየር ላይ ነው የሚቀር።»

«እኔ ምን ሥራ አለኝ? በእግርሽ ጎትቼ አወጣሻለሁ።»

ወጣቱ ሳቀ። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

ያመጣነው በጋሪ ነው። በነጭ ላስቲክ የተጠቀለለ ረጅም ሣጥን ጋሪ ላይ፣ እኔና እሱ አንገታችንን ደፍተን ከኋላው በእግር። አንገታችንን ያስደፋን ፀሐዩ ነበር። የሰፈራችን አንዲት ሴትዮ ከደጇ ቆማ አየችን፤ ተመልሳ ገባችና ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች መጣች።

«ወይኔ ወይኔ! ማን ነው? ከቡሬ ነው?»

«አዎ፣ ከቡሬ ነው» አላት ባለቤቴ። «ድኩላ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰላምታችንን በአገጯ ብቻ ነበር የምትመልሰው።

ባለቤቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ ሰው ነው፤ ያልጨረሰውን ባገኘው ምክንያት ሁሉ ሲጨርሰው ነው የኖረ። ፍሪዘሩንም እንደ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ከፈለው። የላይኛው ቅኔ ማኅሌት ነው፤ ለዕለት ወጥ የተከተፈው በትንንሽ ፌስታል የሚቀመጥበት፣ ማንም የሚደርስበት። መካከለኛው ቅድስት፤ ለበዓል ከጎረቤት ጋር የምንገባው የቅርጫ በሬ ሥጋ። የታችኛው መቅደስ፤ ታፋና ወርች ከነአጥንቱ፣ ከእሱ በቀር ማንም እጁን የማይሰድበት። ክዳኑን ከፍቼ ሳጎነብስ «አንቺ ዲያቆን እንኳ አይደለሽም» ይለኛል። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ መቆጣት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር፤ ሳቁ ቀደማቸው እንጂ።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ ሥራው ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ትኩስ ሥጋ አያስገባም፤ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሰቅሎ ያሳድረዋል። ደሙን በጨርቅ ይጠርጋል እንጂ በውሃ አያጥብም፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ሥጋውን ይበላዋል ይላል። በላስቲክ ሲጠቀልል በደረቱ ተጭኖ አየሩን ያስወጣል። ሥጋው ጎደል ሲል ባዶውን ቦታ ውሃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሞላዋል። «ባዶ ፍሪዘር መብራት ሲሄድ ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል» ነበር የሚለው።

በዚያን ጊዜ በረድፋችን ፍሪዘር ያለን እኛ ብቻ ነበርን። አጥር የምትጋራን፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤታችን የአረፋ በግ ሥጋዋን እኛ ዘንድ ታስቀምጥ ነበር። በእኛ አገር ጎረቤት የማይጋራው ነገር የለም፤ ሥጋ ሲቀር። እሷ የኛን አትበላ፣ እኛ የእሷን አንበላ። ሥጋ ደግሞ በረዶ ከሆነ በኋላ ሃይማኖቱ አይታወቅም። ስለዚህ ባለቤቴ የኛን እያንዳንዱን ጥቅል በጥቁር ክር አሰረው። «ማተብ ያሰረ የኛ፣ ያላሰረ የእሷ» አለ።

ጎረቤታችን ክዳኑን ከፍታ ስታይ ጮኸች። «ጋሼ! ድኩላውን መቼ አስጠመቁት?»

«ሳይሞት ነዋ።»

ይህኛው እውነትነት አለው። በጥይት የሞተ በክት ነው፤ አይበላም። እግሩን መትቶ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሶ፣ በስመ አብ ብሎ ማረድ አለበት። በዚያ ዕድሜው ቢላ ይዞ በድንጋይ ላይ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ጉልበቱን በቅቤ የማሽለት ግን እኔ ነበርሁ።

ዐምና በቅበላ ሰሞን አንድ ትልቅ ድኩላ ይዞ መጣ። በቆሎው ከታጨደ ቆይቶ ነበር፤ የምን ሰብል ሲጠብቅ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ታላቅ እህቱን ከቡሬ ገጠር አስጠርተን ሁዳዴ ሳይገባ አንዱን ታፋ በላን። ሁለተኛውን ጠቅልሎ፣ ማተቡን አስሮ፣ መቅደሱ ውስጥ አስገባው።

«ይህ የፋሲካ ነው» አለ። «አንቺም አትነኪ፣ እኔም አልነካ።»

እሱ ቃሉን ጠበቀ። ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር አልጋው ጫፍ ላይ እንዳጎነበሰ ቀረ። ማሰሪያው የጠፋበት መስሎኝ «ምን ጠፋህ?» አልሁት። ያንን የጠየቅሁት የሞተ ሰው ነው።

ለቅሶውም ሁዳዴ ላይ ወደቀ። ያን ሁሉ ሥጋ ያከማቸ ሰው፣ ለቀስተኛው ንፍሮና ሽሮ በልቶ ተበተነለት። ወንበር ስላልበቃ ፍሪዘሩ ላይ ፍራሽ ተነጥፎ ሽማግሌዎች ተቀመጡበት። አንድ አዛውንት ሞተሩ በተነሣ ቁጥር እየደነገጡ «ይህ መደብ ይንቀጠቀጣል» አሉ። የባለቤቴ እህት ከወለሉ ላይ ሆና «ያለቅሳል ነዋ፣ ጌታው ሞቶበት» አለቻቸው። ሰው ሳቀ፤ ሲስቅም ማልቀሱ ባሰበት። እኔ የማስበው ከሽማግሌዎቹ ሥር ያለውን ታፋ ነበር።

ፋሲካ መጣ። ልጆቼ በግ ይዘው መጡ። ታፋውን አላወጣሁትም፣ የጠየቀኝም አልነበረም። ከዚያ አርባው ደረሰ፤ ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ስለዋለ ሥጋ የሚበላበት ሆነ። የባለቤቴ እህት እጅጌዋን ሰብስባ ድስት ስትቆጥር ቆይታ ወደ እኔ መጣች።

«ታፋው የታለ?»

«የቱ ታፋ፣ እትዬ?»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ድኩላ ሁለት ታፋ እንዳለው ግን አውቃለሁ። አንዱን ለቅበላ በላን። ሌላው በራሱ እግር ሄደ?»

«አለ። ይቀመጥ።»

«ለማን? ወጡ ውስጥ ይግባና የበላ ሁሉ ነፍስ ይማር ይበልለት እንጂ!»

ለማን እንደሆነ አልነገርኋትም። ነገሩ እንዲህ ነው። «የፋሲካ ነው» ብሎ ነበር፤ ፋሲካ መጥቶ ሄደ፣ እሱ አልነበረም። ታፋው እስካለ ድረስ ያልፈጸመው አንድ ቀጠሮ አለው። ቀጠሮ ያለው ሰው ደግሞ ጨርሶ አልሄደም። ይህን አፍ አውጥቼ ብናገር ምን እንደምባል ስለማውቅ «ለሙት ዓመቱ ነው» አልሁ።

እሷ አልተቀበለችኝም። ክርክሩ የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሰ፤ እሷ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ።

«በስመ አብ ተብሎ ታርዷል?» አሉ አባ።

«ታርዷል» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

«እንግዲያስ ንጹሕ ነው። ቢበሉትም መልካም፣ ለተዝካሩ ቢያውሉትም መልካም።» ወደ እኔ ዞሩ። «አስቀምጦ መጠበቅ የሚባለውን ግን አላነበብሁትም፣ ልጄ። ያነበብሁት መናውን ለነገ ብለው ያቆዩት ሰዎች ተልቶ እንዳገኙት ነው።»

«ያኔ ፍሪዘር አልነበረም፣ አባ።»

«እውነትሽን ነው፤ ሙሴ መብራት አልነበረውም። እናንተስ አላችሁ?»

በዚያን ቀን ነበረን። ታፋውም ባለበት ቀረ። የባለቤቴ እህት ተዝካሩ እንዳለቀ አገሯ ገባች፤ ስትሰናበተኝ ጉንጬን ሳመችና ፍሪዘሩን በክርኗ ገፋ አደረገችው፣ እንደማይወዱት ከብት።

ክረምቱ ሲገባ መብራቱ ሄደ። እንደ ወትሮው ለምሽት መስሎን ነበር። ቀን በቀን ላይ ሲጨመር ሰው መጠየቁንም ተወው። እኔ ክዳኑን አልከፈትሁም። ያለኝን ብርድ ልብስ ሁሉ ደራረብሁበት። በዚያ ዝናብ ቤቴ የገባ ሰው የሚያየው፣ ፍሪዘሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እሷ ነጠላ ለብሳ የምትንቀጠቀጥ ሴት ነው።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ እሷም ለሱቋ ፍሪዘርና ጀኔሬተር ገዝታለች።

«ቲቸር፣ የታመመ ሰው አለ እንዴ? ልጆቼ ብርድ ልብስ ደራርበዋል አሉኝ።»

«የታመመ የለም። ሥጋ ነው።»

«የጋሼ?»

«የእሱ።»

«ታዲያ ያምጡት እንጂ! ምን ይጠብቃሉ?»

ታቅፌ ወሰድሁት። ውጩ መላላት ጀምሯል፤ ልቡ ግን ገና ድንጋይ ነበር። ክሩን አይታ «ይኸው ማተቡ» አለች፤ ቀልዱን ግን አልቀጠለችበትም። ክዳን ያለው አዲስ ባልዲ አምጥታ «እርስዎ ይክተቱት፣ እኔ እጄን አላስገባበትም» አለችኝ። የራሷን የበግ ሥጋ ወደ አንድ ጥግ ገፍታ ባልዲውን ለብቻው አስቀመጠችው። «እንግዳ ነው። ክፍል ይሰጠዋል።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሱቅ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ክብሪት፣ አንድ ቀን ጨው፣ አንድ ቀን ደግሞ ክብሪት። አፌን ሳልከፍት «ዛሬም ደህና አድሯል» ትለኛለች፣ ሆስፒታል እንደተኛ ሰው። ቤቴ ውስጥ ሰፈሩን የሚያቃጥል ክብሪት ተጠራቀመ።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። አንድ ጠዋት ስሄድ የለስላሳ ሣጥኖቹ ሁሉ ውጭ ተደርድረዋል። ጀኔሬተሩ ከጓሮ ያጓራል። ጎረቤቴ ስልክ ሊሞሉ የመጡ ጎረምሶችን «ነዳጅ የለኝም፣ ሂዱ» እያለች ትመልሳለች። እነሱ ደግሞ ጆሯቸውን ወደ ጓሮው አድርገው «ታዲያ ይህ የሚጮኸው አህያ ነው?» ይሏታል። ወደ ፍሪዘሩ ሄጄ ክዳኑን አነሣሁት። በግ የለም፤ ለስላሳ የለም። መካከል ላይ አንድ ባልዲ።

«ያንቺ ሥጋስ?» አልኋት።

«በላነው። የተረፈውን ለዘመድ ሰደድሁት።»

«ታዲያ ጀኔሬተሩን ለምንድን ነው የምታስነሽው?»

«ለእንግዳው ነዋ።»

«ነዳጁ ሲያልቅስ?»

«ሲያልቅ እናየዋለና። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰሙም? እርስዎ አይደሉ እንዴ ልጆቼን ያስተማሯቸው?»

ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። ይህች ሴት ያንን ሥጋ አትበላውም፤ በእጇም አትነካውም። የሱቋን ገበያ አጥፍታ፣ ሰው አስቀይማ፣ የመጨረሻ ነዳጇን የምታነድደው የእኔ ባል ቀጠሮ እንዳይፈርስ ነው። ቀጠሮ እንዳለው እንኳ አታውቅም። ይህን ያህል ሰው ሲደክም እሱ ቢያይ ምን እንደሚል ለማሰብ ሞከርሁ። «ለአንድ ታፋ?» ነበር የሚለው።

«አጥፊው» አልኋት። «ልወስደው ነው።»

«ሊያበላሹት?»

«ልናደርቀው።»

በቡሬ መኪና ረዳት በኩል ለባለቤቴ እህት መልእክት ላክሁ፤ «ታፋው ይጠራሻል» በሏት ብዬ። ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቶ ስቆ ይሆናል። በማግስቱ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ነገርሁሽ አላለችኝም። ይህን ታላቅ ደግነት የምቆጥርላት ዕድሜ ልኬን ነው፤ ምላሷን አውቀዋለሁና።

ታፋው ትሪ ላይ ላልቶ ነበር። ቢላውን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ክሩን አንቺ» አለች።

ባለቤቴ የሚቋጥረው በሬ የሚታሰርበትን ቋጠሮ ነበር። በቢላ ልቆርጠው አልወደድሁም፤ በጥፍሬ ታገልሁት። እሷ አላቻኮለችኝም። ሲፈታልኝ ክሩን ከእጄ ወስዳ የመስቀያው ገመድ ያጠረበት ጫፍ ላይ ቀጠለችው። ክር ነው፤ ሥራ ላይ ዋለ።

ጾም ነውና አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን ነበር የምንዘለዝለው። ጨውና በርበሬ አሸነው፤ በክረምት ፀሐይ ስለሌለ ከማድቤቱ ምድጃ በላይ ሰቅለን በጢስ ማድረቅ ጀመርን። ቅዳሴ እስኪወጣ እህል ሳንቀምስ፣ ድመት ለመጠበቅ ከሥሩ ተቀምጠን እንውላለን።

«እንዲህ ያለ ፈተና ቅዱሳኑም አልመጣባቸው» ትላለች ቀና ብላ እያየች።

«ሽታው ጾም ያስገድፋል?»

«ሽታውማ አያስገድፍም። ሐሳቡ ነው።»

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ መብራቱ መጣ። ሣሎን ውስጥ ፍሪዘሩ ተነሥቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለታችንም ከማድቤት ሆነን አዳመጥነው።

«አሁን ምን ሊያቀዘቅዝ ነው?» አለች።

ምድጃው ላይ እንጨት ጨመርሁ።

ጾሙ ሲፈታ ቋንጣውን ወጥ ሠራነው። ለጎረቤቴ በሌላ ድስት ሽሮ ሠርቼ ጠራኋት። ገብታ ሁለቱን ድስት አየችና ሳቀች።

«እናንተ ጾም ፈታችሁ፣ የጾሙን ለኔ አወረሳችሁኝ!»

«ነዳጅሽን ስትጨርሺ ማን አዘዘሽ?» አለቻት የባለቤቴ እህት። እንጀራውን ቆርሳ «ነፍሱን ይማረው» አለች፣ ጎረሰችም።

ጎረቤቴ ሽሮዋን ትታ አፍ አፏን ታያለች። ያን ያህል የጠበቀችው ነገር ምን ምን እንደሚል የማወቅ መብት ነበራት።

«እንዴት ነው ግን?»

የባለቤቴ እህት ጊዜዋን ወሰደች። «ጠንካራ ነው። ቶሎ እሺ አይልም።»

«እንደ ጋሼ?»

«ይብሳል።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። የመጀመሪያው ጉርሻ ገና አፌ ውስጥ ነበር፤ ጢሱ፣ ጨዉ፣ የቡሬ በርበሬ።

«ቲቸርስ? ምን ይላሉ?»

ቆዩ ብዬ እጄን አነሣሁ። ብዙ ማኘክ ይፈልግ ነበር። አኘክሁት።